ማርሻሉ ቀርቶ አይስክሬም ሻጩ፦ በጦርነቱ ጊዜ ስለታሰሩ ጣሊያናውያን ስደተኞች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ፣ በካናዳ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ስለታሰሩ ጣሊያናውያን ስደተኞች ያትታል። መነሻው የያኔው የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በሜይ 2021 በፓርላማ ቆመው የጠየቁት ይቅርታ ነው። መድረሻው ደግሞ ለእነዚያ ሰዎች ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፣ ይልቁንስ ጣሊያን እኛን ይቅርታ ትጠይቅ የሚል ነው። በመጨረሻው ሐረግ እኔም እስማማለሁ። እዚያ ለመድረስ የተሄደበት መንገድ ግን በብዙ ቦታ ከእውነቱ የራቀ ስለሆነ፣ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የጸሐፊውን ክርክር እንደተረዳሁት ላስቀምጠው። የታሰሩት ፋሽስቶች ወይም የፋሽስት ደጋፊዎች ነበሩ፤ ንጹሕ ሰው አልተነካም። ብሪታንያም በ1940 ፈረንሳይ ስትወድቅ ብቻዋን የቀረች አገር ስለነበረች እያንዳንዱን ሰው አበጥራ የምትለይበት ጊዜ አልነበራትም። ካምፖቹ ታሳሪዎች እግር ኳስ የሚጫወቱባቸው፣ ቴያትር የሚያሳዩባቸው፣ ፓስታ የሚቀቅሉባቸው ስፍራዎች ነበሩ፤ በእስሩም የሞተ የለም። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ባለ ሆቴልና ባለ ማዕረግ ስለሆኑ ጎዳቸው የሚባል ነገር አይታይም። በመጨረሻም የጣሊያንን የዳናኔና የኖክራ እስር ካምፖች የቀመሰ፣ የካቲት 12ን ያየ ሕዝብ ለጣሊያናዊ እስረኛ የሚያፈሰው እንባ የለውም። ጽሑፉ በእነዚህ አምስት ሐሳቦች ላይ የቆመ ነው። ዓመታቱን እንደ ጸሐፊው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

የመጀመሪያውን ከመመለሴ በፊት ለጸሐፊው አንድ ማስረጃ ላቀብላቸው፤ እሳቸው አላነሱትም እንጂ ከጠቀሷቸው ሁሉ የበለጠ ይጠቅማቸው ነበር። በ1935 መጨረሻ ሙሶሊኒ ለኢትዮጵያ ወረራ ወርቅ ሲያሰባስብ የጋብቻ ቀለበታቸውን ያወለቁት በሮም ያሉ ሴቶች ብቻ አልነበሩም። በኒውዮርክና በሞንትሪያል፣ በለንደንም የሚኖሩ ጣሊያናውያት ቀለበታቸውን ሰጥተው ብዙዎቹ በምትኩ የብረት ቀለበት አጥልቀዋል። ያ ወርቅ ለምን እንደዋለ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በብሪታንያ ከተሞችም የፋሽስት ፓርቲው የውጭ አገር ቅርንጫፎች፣ ከክበብና ከልጆች የጣሊያንኛ ትምህርት ጋር፣ በግልጽ ይንቀሳቀሱ ነበር። ስለዚህ ከታሰሩት መካከል አንድም ፋሽስት አልነበረም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፤ እኔም እንዲያ አልልም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ፋሽስቱ ከሌላው የተለየው በምን ነው? ሙሶሊኒ ጁን 10 ቀን 1940 ጦርነት ባወጀ በሰዓታት ውስጥ የብሪታንያ ፖሊስ በየቤቱ ማንኳኳት ጀመረ፤ የቸርችል ትእዛዝ «ሁሉንም ልቀሟቸው» የሚል እንደነበር ይነገራል። ለለቀማው መመዘኛ የሆኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። ዕድሜው ከ16 እስከ 70 የሆነና በአገሩ ከ20 ዓመት በታች የኖረ ጣሊያናዊ ወንድ ሁሉ ይያዛል፤ ይህ ስለ ሰውየው አመለካከት አንዳችም አይናገርም፣ የገባበትን ቀን ብቻ ይቆጥራል። ሁለተኛው የአገር ውስጥ ስለላ መሥሪያ ቤቱ ያዘጋጀው፣ 1,500 ያህል ስም የሰፈረበት፣ በአመዛኙ በፋሽስት ክበብ አባልነት ላይ የተመሠረተ ዝርዝር ነው። በሁለቱ ተደምሮ 4,000 ያህል ሰው ታሰረ።

አባልነቱ ምን ማለት እንደነበር በአንድ ቤተሰብ እንየው። ኤድዋርዶ ፓኦሎዚ በ1924 በኤድንብራ ወደብ፣ በሌይዝ ተወለደ። ወላጆቹ አነስተኛ የአይስክሬምና የጣፋጭ ሱቅ ነበራቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁ የፋሽስቱ የወጣቶች ማኅበር ወደሚያዘጋጀው ካምፕ፣ ወደ ጣሊያን ይላክ ነበር። ስም ለሚመዘግብ የስለላ ሠራተኛ ይህ በቂ ጥቁር ነጥብ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ቆመው ለሚውሉ ወላጆች ግን ልጃቸው ቋንቋውን ሳይረሳ የሚያርፍበት ዕድል ነበር። ጦርነቱ በታወጀበት ሌሊት በኤድንብራ የተሰበሰበ ሕዝብ የጣሊያናውያንን ሱቆች መስታወት አወረደ፣ ዕቃውንም ዘረፈ። በስኮትላንድ ምድር የተወለደው የ16 ዓመት ልጅ ሶተን በሚባለው እስር ቤት ሦስት ወር ከረመ። አባቱ፣ አያቱና አጎቱ ወደ ካናዳ በምትጓዝ መርከብ ላይ ተጫኑ፤ ስለ መርከቧ ዝቅ ብዬ እናገራለሁ።

የፓኦሎዚን ቤተሰብ ጸሐፊው «የፋሽስት ደጋፊ» ሊሉት ይችላሉ እንበል። ዴቾ አንዛኒንስ ምን ይሉታል? አንዛኒ ለሠላሳ ዓመት ያህል ለንደን የኖረ፣ የጣሊያናውያን የሰብአዊ መብት ሊግ ጸሐፊ የነበረ፣ ሙሶሊኒን ሲቃወም ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። የ20 ዓመቱ ደንብ አይነካውም ነበር፤ ሆኖም ስሙ «አደገኛ» ከተባሉት ጋር ሰፍሮ ተገኘ፣ እሱም እዚያችው መርከብ ላይ ተጫነ። ኡቤርቶ ሊሜንታኒ ደግሞ የሚላኖ አይሁዳዊ ነበር፤ ሙሶሊኒ በ1938 ካወጣው የዘር ሕግ ሸሽቶ ነው እንግሊዝ የገባው። ከፋሽስት ያመለጠ ሰው በፋሽስትነት ተጠርጥሮ ከፋሽስት ጋር ታሰረ። አበው «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» የሚሉት ይህን ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን አባባሉ ቢያንስ ደረቁም አብሮ እንደሚነድ ያስባል፣ እዚህ ግን ደረቁ ምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እናየዋለን።

ጣሊያናዊነትና ፋሽስትነት አንድ አለመሆናቸውን ለማወቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ስኮትላንድ ድረስ መሄድም አያስፈልገውም። መጻሕፍቱን እያነበብን ያደግነው የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት አባት ሲልቪዮ ኮሪዮ ከጣሊያን የተሰደዱ አናርኪስት ነበሩ። ወይዘሮ ሲልቪያ ፓንክኸርስት አዲስ አበባ በተያዘችበት ቀን፣ ሜይ 5 ቀን 1936 የጀመሩትን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ጋዜጣ በማዘጋጀት ከጎናቸው የቆሙት እኚሁ ጣሊያናዊ ስደተኛ ናቸው። ጸሐፊው «ጣሊያናዊ በደሙ ያው ነው» የምትል ሐረግ በጽሑፋቸው መካከል ጣል አድርገዋል፤ ይህችን ሲጽፉ ኮሪዮ ትዝ አላሏቸውም መሰለኝ።

ጊዜ አልነበረም ወደሚለው ልለፍ። በጁን 1940 ብሪታንያ የነበረችበትን ጭንቅ አላቃልልም፤ ፓሪስ ጁን 14 ቀን ተይዛለች፣ ከእንግሊዝ ቻናል ማዶ የጀርመን ጦር ቆሟል። ነገር ግን ያችው ብሪታንያ ጦርነቱ በሴፕቴምበር 1939 እንደተጀመረ በአገሯ ያሉ ጀርመናውያንንና ኦስትሪያውያንን አንድ በአንድ የሚመረምሩ ሸንጎዎች አቋቁማ ነበር። ሸንጎዎቹ በጥቂት ወራት ከ70,000 በላይ ሰዎችን አይተው ወዲያውኑ መታሰር አለባቸው ብለው የለዩት 600 አይሞላም። ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ልትገባ እንደምትችል ደግሞ ማንም ጋዜጣ አንባቢ የሚያውቀው ነገር ነበር፤ የጣሊያናውያኑ ቁጥርም ከጀርመኖቹ ሩቡን ያህል ቢሆን ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ተመሳሳይ ሸንጎ አልተቋቋመላቸውም። ከብዙ ሕይወት በኋላ፣ በ1940 መጨረሻ ገደማ፣ ቀድሞ በሮም አምባሳደር በነበሩት በሰር ፐርሲ ሎሬይን የሚመራ ኮሚቴ የታሳሪዎቹን ጉዳይ እያየ መልቀቅ ጀመረ። ጦርነቱ በዚያን ጊዜም አልበረደም፤ ለንደን በየሌሊቱ በቦምብ እየተደበደበች ነበር። በዚያ ውስጥ ማጣራት ከተቻለ ቀድሞም ይቻል ነበር ማለት ነው። በእርግጥ ጀርመናውያኑም ቢሆኑ ተመርምረው ከተለቀቁ በኋላ በ1940 በጋ በጅምላ ታስረዋል፤ ይህም ማጣራቱን ያስተወው የጊዜ እጥረት ሳይሆን ድንጋጤ መሆኑን ነው የሚያሳየው።

የአሜሪካው ምሳሌ ይህን ክርክር ይበልጥ ያፈርሰዋል። እዚያ 600,000 ያህል የጣሊያን ዜግነት ያላቸው ነዋሪዎች «የጠላት አገር ዜጋ» ተብለው ተመዘገቡ፤ ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ እንዲይዙ፣ የአጭር ሞገድ ሬዲዮና ካሜራ እንዲያስረክቡ ታዘዙ። ከመካከላቸው አንዱ ኤንሪኮ ፌርሚ ነበር፤ የአቶሚክ ቦምቡን መንገድ የሚጠርገው ሰው ማለት ነው። በካሊፎርኒያ 10,000 ያህሉ ከባሕር ዳር ቀጠና ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። የቤዝቦሉ ኮከብ የጆ ዲማጂዮ አባት ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ ወደኖረበት የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ድርሽ እንዳይል ተከለከለ፤ ልጁ በ1943 ለአሜሪካ ጦር ተመዝግቦ ገባ። የሜትሮፖሊታን ኦፔራው ዘፋኝ ኤዚዮ ፒንዛ በመጋቢት 1942 ተይዞ ኤሊስ ደሴት ላይ ሦስት ወር ገደማ ሲታሰር ከቀረቡበት ክሶች አንዱ፣ የዜማውን ፍጥነት እየለዋወጠ በሬዲዮ ምስጢር ያስተላልፋል የሚል ነበር። ይህን ያነበበ ሰው የፈገግታውን ቦታ ቢያጣ አልፈርድበትም።

ከዚያስ? ኦክቶበር 12 ቀን 1942፣ በኮሎምበስ ቀን፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ፍራንሲስ ቢድል ኒውዮርክ ላይ ባደረጉት አንድ ንግግር ጣሊያናውያን ከእንግዲህ የጠላት አገር ዜጋ እንደማይባሉ አስታወቁ። ጣሊያን ያን ጊዜ ገና ከአሜሪካ ጋር እየተዋጋች ነበር፤ እጅ የሰጠችው በሴፕቴምበር 1943 ነው። የምክር ቤት ምርጫው ግን ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር፤ የጣሊያን ዝርያ ያላቸው መራጮችም ብዙ ነበሩ። የመራጭ ጉልበት ያልነበራቸው 120,000 ያህል ጃፓናውያንና የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን እዚያው ሽቦ ውስጥ ቀሩ። አደጋው በዜግነት ውስጥ ካለ በንግግር አይጠፋም፤ በንግግር ከጠፋ ቀድሞም አልነበረም።

ካምፖቹን በሚመለከት ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል ባለችው፣ «ማን» በምትባለው ደሴት፣ በደግላስ ከተማ፣ ታሳሪዎች የተቀመጡት ለበጋ እንግዳ በተሠሩ የባሕር ዳር ማረፊያ ቤቶች ነው፤ ዙሪያቸው በሽቦ ታጠረ እንጂ አልጋና ጣራ ነበራቸው። ኳስም ተጫውተዋል፣ ቴያትርም አሳይተዋል፤ ፓስታም እንደሚሆን እንደሚሆን አድርገው ሳይቀቅሉ አልቀሩም። በደቡብ አውስትራሊያ፣ በሎቭዴይ ካምፕ ታሳሪዎች በቀን አንድ ሽልንግ እየተከፈላቸው ለሞርፊን የሚሆን ፖፒ ሳይቀር ያመርቱ ነበር። እነዚህን ፎቶግራፎች ያየ ሰው የጸሐፊውን ስሜት ቢጋራ አይደንቀኝም።

ሆኖም ብዙዎቹ ማን ደሴት ከመድረሳቸው በፊት ያለፉት በዋርዝ ሚልስ ነው፤ በማንቸስተር አቅራቢያ፣ በበሪ የሚገኝ ተዘግቶ የቆየ የጥጥ ፋብሪካ። ወለሉ ከማሽኑ ዘመን የተረፈ ዘይት የጠገበ፣ የመስታወት ጣራው የተሰባበረና የሚያፈስ፣ አይጥ የሚርመሰመስበት ነበር። የ60 ዓመት ምግብ ቤት አስተናጋጅ ገለባ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ተሰጥቶት እዚያ ወለል ላይ ይተኛል። ከዚያ ስም ይጠራል፤ የተጠራው የት እንደሚሄድ አይነገረውም። ከወንድም ወይም ከአጎት ላለመለየት አንዱ በሌላው ስም የወጣበት ጊዜ ስለነበር፣ በኋላ ዝርዝሩ ከሰዎቹ ጋር አልገጠመም።

አራንዶራ ስታር የተባለችው መርከብ ጁላይ 1 ቀን 1940 ሊነጋጋ ሲል ከሊቨርፑል ተነሳች። ቀድሞ የባለጸጎች መዝናኛ ነበረች፤ አሁን ግራጫ ተቀብታ፣ መተላለፊያዎቿ በእሾሃማ ሽቦ ተከፋፍለው፣ እስረኛ መጫኗን የሚያሳይ ምልክት ሳይኖራት፣ አጃቢ ሳይመደብላት ነው የወጣችው። ከ700 በላይ ጣሊያናውያን ነበሩባት፤ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። በማግስቱ ማለዳ፣ ከአየርላንድ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በጉንተር ፕሪን የሚመራ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ መታት። ከግማሽ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ በላይ አልቆየችም። ተሳፋሪዎቹ የሕይወት አድን ጀልባ ልምምድ አላደረጉም፤ አንዳንዱ ጀልባ በፍንዳታው ተሰባብሯል፤ ወደ ሌላው የሚወስደውን መንገድ ሽቦው ይዘጋዋል። ከ800 በላይ ሰው አለቀ፤ ከመካከላቸው ከ440 በላይ የሚሆኑት ጣሊያናውያን ናቸው። አንዛኒ በዚያ ሞተ። የፓኦሎዚ አባት፣ አያትና አጎት በዚያ ሞቱ። ሊሜንታኒ ተረፈ። ለቤተሰቦች ወሬው የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ በነሐሴ ወር የአየርላንድና የምዕራብ ስኮትላንድ ዳርቻዎች አስከሬን መትፋት ጀመሩ።

ይህም አልበቃ ብሎ ከባሕር ከወጡት ጣሊያናውያን 200 ያህሉ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ዱኔራ በተባለች ሌላ መርከብ ወደ አውስትራሊያ ተላኩ። ጠባቂዎቹ የተሳፋሪዎቹን ሻንጣ ዘረፉ፣ ደበደቧቸው፤ ድርጊቱ ጠባቂዎቹን ለወታደራዊ ፍርድ ቤት ያደረሰ ነበር። አውስትራሊያ ራሷም 4,700 ያህል ጣሊያናውያንን አሰረች፤ ብዙዎቹ የኩዊንስላንድ የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ፍራንቸስኮ ፋንቲን የተባለ አናርኪስትና የታወቀ ፀረ ፋሽስት ነበር። በሎቭዴይ ካምፕ ከፋሽስቶች ጋር በአንድ አጥር ተዘጋበት፣ በኖቬምበር 1942 አንድ ፋሽስት ታሳሪ ደብድቦ ገደለው። «በእስሩ የሞተ የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዚህ ሁሉ በኋላ እንዴት እንደሚቆም አልገባኝም።

አራተኛው ነጥብ፣ ማለትም የኋላ ሕይወታቸው፣ ከሁሉ ይበልጥ ሰው ያሳመነ ይመስላል። ጸሐፊው የጠቀሱት ሎርድ ቻርልስ ፎርቴን ነው። ልክ ነው፤ ፎርቴ በማን ደሴት ሦስት ወር ያህል ታስሮ ወጥቶ በብሪታንያ ከነበሩት ትልልቅ የሆቴል ባለቤቶች አንዱ ሆነ፣ በ1982ም ወደ ጌቶች ምክር ቤት ገባ። እኔም ልጨምርላቸው። ፓኦሎዚ የታወቀ ቀራጺ ሆኖ በ1989 «ሰር» ተባለ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ግቢ ጎንበስ ብሎ የሚለካው ትልቁ የኒውተን ሐውልት የእሱ ሥራ ነው። ሊሜንታኒ በካምብሪጅ የጣሊያንኛ ፕሮፌሰር ሆነ። ፒንዛ በ1949 የብሮድዌይ መድረክ ንጉሥ ነበር። ጥሩ ዝርዝር ነው፤ ነገር ግን የተቆጠሩት የተረፉት ብቻ ናቸው። የፓኦሎዚ አባት ሎርድ ይሁን አይሁን ማወቅ አንችልም። ማዕረግ ያገኘው ልጅ ያደገው ሦስት ወንዶች በአንድ ቀን ከጎደሉበት ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሱቁን የያዘችው እናት ናት።

ሴቶቹ በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ ጨርሶ የሉም። ወንዱ ሲወሰድ መስታወቱ የተሰበረውን ሱቅ የምትከፍተው፣ በጠላትነት የሚያያትን ደንበኛ የምታስተናግደው እሷ ናት። የጣሊያን ዜግነት የያዘች ከሆነ ደግሞ በስኮትላንድ የባሕር ዳር ከተሞች ውስጥ መኖርም ተከልክላ ወደ መሀል አገር ትዛወራለች። በዚሁ ቤት ውስጥ ወንድ ልጇ የብሪታንያን ጦር ልብስ ለብሶ የዘመተ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ።

የካናዳውን ብንመለከት 31,000 ያህል ጣሊያናውያን የጠላት ወገን ተብለው ተመዝግበው 600 ያህሉ ታሰሩ፤ አብዛኞቹ በኦንታሪዮ፣ በፔታዋዋ ጫካ ውስጥ ነበሩ። ከታሰሩት አንዱም በአሻጥር ወይም በስለላ ወንጀል ተከስሶ አልተፈረደበትም። የቶሮንቶው የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ጄምስ ፍራንቸስኪኒ እስር ላይ ሳለ ኩባንያው በመንግሥት ንብረት ጠባቂ እጅ ገባ፣ የግንባታ መሣሪያዎቹም ተሸጡ። ሰውየው በኋላ እንደገና ተነስቷል፤ ሀብታም ነበርና መነሻ አላጣም። ደመወዝ የሚጠብቅ ቤተሰብ ግን አባወራው ሁለት ዓመት ሲታሰርበት የበላው ከጎረቤትና ከመጠለያ እርዳታ ነው። በአሜሪካም ባሕር ኃይሉ ለጦርነቱ የወሰዳቸው የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች የቤተሰብ ሀብት ሁሉ ነበሩ።

ቁጥር የማይይዘው ጉዳትም አለ። ጦርነቱን ያዩ ወላጆች ልጆቻቸውን ጣሊያንኛ ማስተማር ተዉ፤ ብዙዎችም ስማቸውን ወደ እንግሊዝኛ አጠጉ። ስለ ካምፑም ዝም አሉ፤ አንዳንድ ልጅ አባቱ መታሰሩን የሰማው አባቱን ከቀበረ በኋላ ነው። ከአገሩ ርቆ በሰው ቋንቋ ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። የአሜሪካ ምክር ቤት ነገሩን በሕግ ያመነው በኖቬምበር 2000 ነው፤ የካናዳ ፓርላማ ይቅርታ ሲሰማ ከታሰሩት በሕይወት የነበረ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር። በሌላ በኩል የጉልበት እጥረቱ ግን ይቅርታን አልጠበቀም። እነዚያው መንግሥታት ጦርነቱ ባበቃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ1951፣ ጣሊያናውያንን በውል እየመለመሉ ያስገቡ ነበር፤ ብሪታንያ ለቤድፎርድ የጡብ ፋብሪካዎች፣ አውስትራሊያ ደግሞ በመንግሥታት ስምምነት።

አምስተኛው ነጥብ የእኛው ነው። ዳናኔና ኖክራ ከማን ደሴት ጋር አይወዳደሩም፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። በዳናኔ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በረሃብና በበሽታ አልቀዋል፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላም መሳፍንቱና መኳንንቱ ከነቤተሰባቸው ወደ አሲናራና ወደ ሌሎች የጣሊያን ስፍራዎች ተግዘዋል። ልዑል ራስ እምሩ ፖንዛ ደሴት ላይ የተቀመጡበት ቤት በ1943 ሙሶሊኒ ራሱ ተይዞ የገባበት ቤት ነው፤ ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ነገር ትሠራለች። ነገር ግን የእኛ እስር የከፋ መሆኑ የሌላውን እስር ትክክል አያደርገውም፤ ሁለቱ በአንድ ሚዛን ላይ የተቀመጡ ዕቃዎች አይደሉም።

ጸሐፊው አገራችንን ሊሰፍርበት የመጣውን ቅኝ ገዢና እንደ ባርዲና ባርጋ ካሉ የጣሊያን ትንንሽ ከተሞች ተነስቶ በስኮትላንድና በዌልስ አይስክሬም ሊሸጥ የሄደውን ደሀ በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። በ1941 ብሪታንያ በድሬዳዋና በሌሎች ስፍራዎች ሰብስባ፣ በ1942 እና በ1943 በነጭ መርከቦች ከበርበራ ወደ ጣሊያን የመለሰቻቸው ሲቪሎች በወረራ የመጡ ናቸው። በሌይዝ የተያዙት ግን ብዙዎቹ ሙሶሊኒ ሥልጣን ሳይይዝ ከአገራቸው የወጡ ናቸው። በወረራ የመጡትንም ቢሆን ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ እጁን የሰጠውን እንዳንነካ አዘዋል፤ ብዙዎቹም እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፍተዋል፣ «ጎሚስታ» የሚለውንም ቃል ትተውልናል።

ደረቁስ የት ደረሰ? የመርዝ ጋዝ ያዘነበብን ጦር አዛዥ ማርሻል ፒየትሮ ባዶሊዮ ሙሶሊኒ በጁላይ 1943 ሲወርድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በመስከረም ከተባበሩት መንግሥታት ጋር ተፈራርሞ በጥቅምት በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀ፣ ለንደንና ዋሽንግተንም አብረውት ሠሩ። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ በጦር ወንጀለኝነት ለፍርድ ይቅረብልኝ ብላ ስትጠይቅ የብሪታንያ መንግሥት አልደገፋትም። ማርሻሉ በ1956 በስሙ በተሰየመችው መንደሩ፣ በገዛ አልጋው ላይ ሞተ። ግራዚያኒም ቢሆን በኋላ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው እንጂ በእኛ ደም አይደለም፤ ከፍርዱም ብዙ ሳይቆይ ተለቀቀ። አንዛኒን ያሰጠመው መንግሥትና ባዶሊዮን የጠበቀው መንግሥት አንድ ነው። የእኛን ፍርድ የወሰደብን አይስክሬም ሻጩ አይደለም፤ እሱን ማሰር ለእኛ ፍርድ ምትክ ሆኖ አያውቅም።

ጸሐፊው በእነዚህ ነጥቦች ላይ መልስ ቢሰጡ በደስታ አነባለሁ። እስከዚያው ግን አንዲት ነገር እለምናቸዋለሁ። በፓርማ ተራሮች ላይ ያለችው ባርዲ በዚያች መርከብ ላይ ብቻ 48 ሰው ያጣች ትንሽ ከተማ ናት፤ በመቃብር ስፍራዋ ለእነሱ የተሠራ ጸሎት ቤት አለ። በሌላው ሁሉ ባንስማማም «በእስሩ የሞተ የለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከጽሑፋቸው ቢያወጡት።